የእታፈራሁ ሸክላ ምን ያወጣል?

ወልድያ ላይ እኔን ሰው የሚፈልገኝ ለሁለት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ወይ ለእድር ስብሰባ፣ ወይ ለሽምግልና። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አንድ ጢሙን ያሳደገ ወጣት፣ ጀርባው ላይ ሰፊ ሻንጣ አዝሎ፣ የልጄን የሰብለን በር አንኳኩቶ "ጋሼ፣ ድሮ መርሳ ላይ ልብስ ሰፊ የነበሩት እርስዎ ነዎት?" ሲለኝ፣ ከሚስቱ የተጣላ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩበት። "ነበርኩ" አልኩት። ዓይኔ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ካቃተው ወዲህ የምኖረው በዚህች ቃል ነው። ወጣቱ ግን ፈገግ አለና "አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ አለዎት ብለውኝ ነው፤ እሰበስባለሁ" አለኝ። ስሙ ናሆም ይባላል። ከአዲስ አበባ የተነሣ፣ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቆ ደሴን አልፎ እኛ ዘንድ የደረሰ ልጅ ነው። ከልቤ ሳቅሁ። ሰው ለሐኪምና ለለቅሶ እንኳ ከቤቱ መውጣት በሚፈራበት ጊዜ፣ ለአሮጌ ሸክላ ብሎ ይህን ሁሉ አገር የሚያቋርጥ ሰው ጤነኛ አልመሰለኝም።

ወንበር ሰጠሁትና "ለመሆኑ ያ ነገር ዛሬ ዋጋ አለው?" አልኩት። "አብዛኛው የለውም ጋሼ" አለ፣ ስንት ጊዜ የመለሰው ጥያቄ እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ። "ሁሉም ሰው የገዛው ዘፈን ሁሉም ቤት አለ። የሚፈለገው ማንም ያልገዛው ነው። እሱም ቢሆን ያልተጫረ፣ ያልጎበጠ፣ ስም ያልተጻፈበት፣ ሽፋኑ ያልተቀደደ መሆን አለበት።" "እንዲህ ያለው ሸክላ እኮ ማንም ያልሰማው ማለት ነው" አልኩት። "እንደዚያ ማለት ነው" አለኝ ሳያፍር። እኛ ሸክላ የምንገዛው ልንሰማው ነበር። መርፌው እስኪዶለዱም፣ ጥቁሩ እስኪነጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቃሉን በቃሉ እስኪይዘው እናስጮኸው ነበር። ዋጋ ያለው ያልተነካው ከሆነ የእኛ ዕድሜ በሙሉ ዋጋ የለውም ማለት ነው ብዬ ልሞግተው አፌን ስከፍት፣ ስልኩን አውጥቶ አንድ ዝርዝር ማየት ጀመረ።

"አንድ ግን አለ" አለኝ። "ሸክላ ቤት ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ ነግረውኝ ነው። ከወሎ የመጣች ልጅ፣ አንድ ሸክላ ብቻ አስቀርጻ ድምጿ የጠፋ። በአንዱ ፊት ትዝታ፣ በጀርባው አምባሰል። የታተመው ጥቂት ነው፤ እስከዛሬ አይቼዋለሁ የሚል ሰው አላገኘሁም። እታፈራሁ ትባላለች። ዘፋኟን ያውቋት ይሆን?" ሰብለ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። እኔ ጉልበቴን እንደያዝኩ ቀረሁ። እታፈራሁ እህቴ ናት፤ ታናሼ። ስሟን ከቤተሰባችን ውጪ በሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ እንደሆነ አላውቅም፤ ይህ ጢማም ልጅ ደግሞ እንደ አንድ ትልቅ ሰው ስም ጠራት። "ሸክላዋ እኔ ዘንድ አለ" አልኩት። "መርሳ፣ ሣጥን ውስጥ።" ሳላስበው ብድግ አልኩ። ያን ጊዜ ደስታ ነበር የመሰለኝ።

የዛሬን አያድርገውና መርሳ ያኔ መንገደኛ ሁሉ የሚወርድባት ከተማ ነበረች። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣ አውቶቡስ ውርጌሳን አልፎ እኛ ጋ ሲደርስ ሞተሩን ያበርዳል፤ ተሳፋሪው ማንጎውን፣ ሙዙን፣ ሸንኮራውን በመስኮት ይገዛል፣ የቸኮለው በመስኮት ይከፍላል፣ ያልቸኮለው ወርዶ በአሥር ሳንቲም ሻይ ይጠጣል። የእኔ ሱቅ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ነበረች። በረንዳዋ ላይ ሁለት ስፌት መኪና ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእንድሪስ። እንድሪስ ጎረቤቴ፣ ባልንጀራዬ፣ ጠላቴም ነው እንደ ቀኑ። እሱ ሽርጥና የሴት ቀሚስ ይሰፋል፣ እኔ ሱሪና ኮት። ሱሪ ያኔ ከጉልበት በላይ ጥብቅ፣ ከታች መንገድ የሚጠርግ ነበር። አንዱ ተማሪ ከወልድያ መጥቶ "ጋሼ፣ እግሩ ሠላሳ ይሁንልኝ" ካለ፣ በሳምንቱ ጓደኛው መጥቶ "ለእኔ ሠላሳ ሁለት" ይላል። ገና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ጋሼ ይሉኝ ነበር፣ ሜትር አንገቴ ላይ ስለማንጠለጥል። ጫማቸው ተረከዘ ረጅም፣ ጸጉራቸው የተጎፈረ፣ የኋላ ኪሳቸው ላይ ማበጠሪያ የተሰካ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ የተቀደደ ሱሪ ለብሰው ሲመጡ መርፌና ክር የምፈልገው ከዚያ ዘመን የቀረ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ሸክላ ማጫወቻውን የገዛሁት ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ የወልድያ አስተማሪ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ክዳኑ ራሱ ድምፅ ማጉያ የሆነ ሣጥን ነበር። ስድስት ድንጋይ ይበላል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፉ እንደመጣ ሰው ድምፁን ይጎትታል፤ እንድሪስ ይነሣና ድንጋዮቹን አውጥቶ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ዘፋኙ ነፍስ ይዘራል። ሸክላዎቼን በስፌት መኪና ዘይት እወለውላቸው ነበር። መኪናዬን የሚያለሰልስ ዘይት ዘፈኑንም ያለሰልሰዋል ብዬ ነው፤ ማን ይነግረኛል? በረንዳዬ ላይ ቆሞ ሊሰማ የሚመጣ ሰው ቁልፉ ያልተነቀለውን ሸሚዝ ይዞ "ቁልፍ ትከልልኝ" ይል ነበር፣ ባዶ እጁን መጥቶ መቆም አፍሮ።

እታፈራሁ ከደጋው ከአባቴ ቤት ወርዳ እኔ ጋ የመጣችው ልታበስልልኝ ነበር። ምግቧን ለማመስገን ውሸታም መሆን ያስፈልጋል። ቁልፍ ትከላ ግን በአንድ ቀን ለመደችና በረንዳው ላይ፣ በእኔና በእንድሪስ መሀል፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ቁልፍ እየተከለች ታንጎራጉር ጀመር። መኪናዎቻችን ሲንገጫገጩ ድምጿ አይሰማም፣ ሳናስበው ሁለታችንም እግራችንን ከመርገጫው እናነሣለን፣ ሥራው ይቆማል። "ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ታደኸየናለች" ይል ነበር እንድሪስ። አንድ ቀን ከአውቶቡስ የወረደ ሙዚቀኛ የኮቱ ብብት ተተርትሮ ላሰፋ ብሎ መጣ። ኮቱ አለቀ፣ ሰውየው አልሄደም፤ አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ። በሁለተኛው ወር፣ ትምጣና ሸክላ ትቀረጽ የሚል ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ላከ። አባቴ እምቢ አለ፣ እኔ ለመንኩ፣ በመጨረሻ አክስታችን አብራት እንድትሄድ ተብሎ ተፈቀደ። ለመንገዷ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ አንገቱ ላይ ነጭ ጥልፍ ያለው፣ እንድሪስ ጥልፉን ያለ ሂሳብ የጠለፈው።

ከፋሲካ በፊት ተመለሰች። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ፣ ደረቷ ላይ አንዲት ትንሽ ሸክላ አቅፋ ከአውቶቡስ ስትወርድ አሁንም ይታየኛል። ሽፋኑ ላይ ፎቶዋ አለ፤ ፎቶ አንሺው ቀና በይ ብሏት ይሁን አፍራ፣ ወደ ጎን ታያለች። "አንድ ብቻ ነው የሰጡኝ" አለች። ማጫወቻው ላይ ስናስቀምጠው ሰው በረንዳውን ሞላው። መሰንቆው ቀደመ፣ ከዚያ ድምጿ መጣ። እታፈራሁ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ከውስጥ "ጋሼ፣ እኔ ነኝ? እንዲህ ነው እንዴ ድምፄ?" ብላ ሳቀች። "አታሰማብኝ በቃ፣ ሰው ያየኛል!" ማንም የሚያያት አልነበረም፣ ሁሉም ሸክላውን ነበር የሚያየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሞኝነት ያዘኝ። የሌሎቹን ሸክላ ሁሉ እንዳልፈጀሁ፣ የእሷን እንዳያልቅ ብዬ ደበቅሁት። በዓል በዓሉን ብቻ አወጣዋለሁ። በፋሲካ፣ ከዚያ በእንቁጣጣሽ፣ ከዚያ በመስቀል። ለሚቀጥለው ገና ብዬ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። እሷ በረንዳዬ ላይ ሌት ተቀን ነበረች፣ ሲያሰኘኝ ታንጎራጉርልኛለች፣ ሸክላው ምን ያስቸኩለዋል?

በጥቅምት ወባ ገባ። የመርሳ ወባ ዝናቡ ሲያቆም ጠብቆ ነው የሚነሣው፤ ያን ዓመት ያልነካው ቤት አልነበረም። እታፈራሁን በአምስት ቀን ወሰዳት። መገነዣዋን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ልብስ ሰፊ ልጥራ ያለኝ ሰው ነበር፣ እምቢ አልኩ። አቡጀዲውን ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ የተረፈውን አጥፌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ልብስ ሰፊ ጨርቅ አይጥልም። አስከሬኗን ወደ ደጋው አውጥተን በአባቴ ደብር ቀበርናት።

በሠልስቱ ከየአገሩ ሰው ተሰበሰበ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የሟቹ ነገር ይወጣል። ወንድ ከሆነ ጠመንጃው፣ በቅሎው፤ ሴት ከሆነች የፈተለችው፣ የሰፋችው ሌማት፣ ቀሚሷ። አልቃሿ ያንን አንሥታ ታሳያለች፣ ስለ እሱ ግጥም ትደረድራለች፣ ሰው ያያል፣ ያለቅሳል። የእታፈራሁ ሰማያዊ ቀሚስ ወጣ። ከዚያ ምንም የለም። አንዲት ሌማት የላት፣ አንድ ልቃቂት ፈትል የላት። ከኋላዬ አንዷ ሴት ለሌላዋ "የእጇ ሥራ የለም እንዴ? ምን ስትሠራ ኖረች?" ስትል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። እመር ብዬ ተነሣሁና ከቀሚሷ ጋር ይዤው የወጣሁትን ሸክላዋን ከሻንጣዬ አውጥቼ፣ ከሽፋኑ መዝዤ ለአልቃሿ ሰጠኋት። "የእጇ ሥራ ይኸውላችሁ" አልኩ። አልቃሿ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ነበረች። ወደ ላይ አነሣችው፣ ፀሐዩ አብለጨለጨው።

ጋቢ አልፈተለች፣ ሌማትም አልሰፋች፤
ድምጿን በጥቁር ላይ አስቀምጣ አለፈች።

ሜዳው ተናወጠ። ያን ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ። ሸክላው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። አክስቶቼ ደረታቸው ላይ እያስጠጉ አለቀሱበት፣ እናቴ ሳመችው፣ አቧራም እንባም ነካው። ከዚያ አንድ ዱካ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተነጠፈና ሰው ሁሉ እንዲያየው መሀል ሜዳ ላይ አኖሩት። ቀትር ነበር። ሸክላ ፀሐይ ላይ እንደማይቀመጥ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዳርና ዳሩ ቀስ እያለ ሲነሣ፣ እንደ ድስት ክዳን ሲጎብጥ፣ በዓይኔ እያየሁ ነው። ተነሥቼ ላንሣው? በእህቱ ለቅሶ መሀል ገብቶ የሟችን ነገር ከሕዝብ ፊት የሚያነሣ ሰው ምን ይባላል? ለንብረቱ ሳሳ፣ ነው የሚባለው። ፀሐዩ ዘወር እስኪል ድረስ ቁጭ ብዬ አየሁት። ይሉኝታ በሕይወቴ ብዙ ነገር አስከፍሎኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን የለም።

መርሳ ስመለስ እንደ ልብስ ሰፊ አሰብኩ። ለጎበጠ፣ ለተጨማደደ፣ ለተኮማተረ ነገር ሁሉ እኔ ዘንድ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ የከሰል ካውያ። ያን የተረፈውን አቡጀዲ ከመደርደሪያው አወረድኩ፣ ሸክላውን በሱ ጠቀለልኩት፣ ውሃ እፍ አልኩበት፣ ካውያውን ፍሙን አራግቤ አሞቅሁና የሱሪ እጥፋት እንደማወጣ ቀስ ብዬ ሄድኩበት። አገላበጥኩ፣ በጀርባውም ሄድኩበት። ስፈታው ቀጥ ብሏል። ቀጥ! እንባዬ መጣ። ትንሽ ፈዝዞ ነበር፣ አቧራ ነው አልኩ። በደንብ አላየሁትም። ዛሬ ሳስበው፣ በደንብ ላለማየት የወሰንኩ ይመስለኛል። ሽፋኑ ውስጥ መልሼ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲያ አጫውቼው አላውቅም። መጀመሪያ የሐዘን ዓመት ነበር፤ እናቴም "ልጄን ከመቃብሯ እንዳትጠራብኝ" አለችኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ማጫወቻው በአብዮቱ ግርግር ከእጄ ወጣ። ቀጥሎ ካሴት መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። በዚህ ሁሉ መሀል ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ የእህቴ ድምፅ መርሳ፣ ሣጥን ውስጥ አለ። ሚስቴ ስታርፍ፣ ዓይኔ ሲደክም፣ ሱቄን ለስልክ ሻጭ አከራይቼ ወልድያ ልጄ ዘንድ ስገባ፣ ያቺ ሐሳብ ከእኔ ጋር ነበረች። አንድ ቀን መርፌ ያለው ሰው ይመጣል፣ እሰማታለሁ፣ ከዚያ ብሞትም ግድ የለም እል ነበር። በቅርቡ ደግሞ ድምጿ እየሸሸኝ እንደሆነ ተሰማኝ። ለማስታወስ ዓይኔን ስጨፍን መሰንቆው ይመጣል፣ እሷ ልትገባ ስትል ይቋረጣል። ናሆም በሩን ያንኳኳው በዚህ ጊዜ ነው።

በማግሥቱ በሚኒባስ መርሳ ወረድን። ስሪንቃን እስክናልፍ ሁለት ጊዜ ኬላ ላይ አስወረዱን፣ ፈተሹን፣ የናሆምን ሻንጣ አስከፈቱት፤ ሸክላ ማጫወቻ ያዩት ፈታሽ ልጆች ተያዩና ሳቁ። መርሳ ማንጎው አለ፣ ሙዙ አለ፣ የሚገዛ መንገደኛ የለም። ሣጥኑን ያስቀመጠልኝ እንድሪስ ነው። ያ ሁሉም ሰው ቤቱን ጥሎ ከጦርነት የሸሸበት ጊዜ ሲመጣ፣ የራሱን ስፌት መኪና ትቶ የእኔን ሣጥን በማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ቀብሮት ሄደ። ሲመለስ መኪናው የለም፣ ሣጥኑ አለ። በረንዳው ላይ አገኘነው፤ እንደ እኔው አርጅቷል፣ ከዘራ ይዟል። "አሰላሙ አለይኩም፣ ና ወደዚህ፣ አንተ ከተሜ" ብሎ አንገቴን አቀፈኝ። ናሆምን ከላይ እስከ ታች አየውና "ይኼ ነው ባለ መርፌው?" አለኝ።

ናሆም ሣጥኑን ከፍቶ አንድ በአንድ እያወጣ ወደ ብርሃን ያዘ። ስማቸውን የማልጠራቸው፣ አገር ያለቀሰላቸው ዘፋኞች ሁሉ እጁ ላይ ወጡ። "እነዚህ ላይ ዘይት ነገር አለ" አለ ግራ ተጋብቶ። "የስፌት መኪና ዘይት ነው" አልኩት። "ለምን?" "እንዲለሰልስ።" እንድሪስ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ናሆም ጨዋ ልጅ ነው፣ አልሳቀም፤ "ዘይቱ አቧራውን አጣብቆ መስመሩን ሞልቶታል ጋሼ፤ ለሰብሳቢ ምንም አያወጡም" አለና በክብር መልሶ ደረደራቸው። ግድ አልሰጠኝም። ዓይኔ ከታች ባለው ሽፋን ላይ ነበር። ሲያወጣው ፎቶዋን አየሁ። ወደ ጎን ታያለች።

"ይኸው" አለ ናሆም፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "በእውነት አለ።" ሽፋኑን በሁለት እጁ እንደ ቅዱስ ነገር ያዘው፣ ከዚያ ሸክላውን አወጣ፣ ወደ ፀሐዩ ዘንበል አደረገው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ገለበጠው። ከኪሱ ትንሽ ማጉያ መስተዋት አውጥቶ ዓይኑ ላይ አደረገ። ብዙ ቆየ። "ጋሼ፣ ይኼ ላይ ምንድን ነው የተደረገው?"

"ጎብጦ ነበር። አቃናሁት።"

"በምን?"

እንድሪስ ከዘራውን እያየ "በካውያ" አለው። "እዚችው በረንዳ ላይ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።" ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ሲያውቅ ኖሯል ለካ።

ናሆም ማጉያውን ሰጠኝ። የደከመ ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። ሸክላ ላይ ያለው ቀጭን መስመር እንዴት እንደሚዞር አውቃለሁ፤ አልነበረም። ያለው ድርና ማግ ነው። ልቅም ያለ፣ አንድ ክር ያልዘለለ የጨርቅ ሽመና፣ ከዳር እስከ ዳር ታትሞበታል። "በሁለቱም ፊት ነው" አለ ናሆም። "መስመሩ ቀልጧል። ይቅርታ ጋሼ።" "አጫውተው" አልኩት። "የሚሰማ ነገር አይኖርም፣ መርፌውንም..." "አጫውተው ልጄ።" ከሻንጣው አሮጌ መርፌ ፈልጎ ቀየረና ማጫወቻውን የእንድሪስ ዱካ ላይ አስቀምጦ ለቀቀው።

መሰንቆው አልመጣም። ሽሽሽ የሚል ነገር መጣ፣ ተከታታይ፣ ወጣ ገባ የሌለበት፤ መሀል መሀሉን ጠቅ ጠቅ ይላል። ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ። አሁን ትገባለች፣ አሁን ትገባለች እያልኩ። አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ቀጠን ብሎ ጮኸና የእንድሪስን እጅ ያዝኩት። "ሰማኸው?" ናሆም ራሱን ነቀነቀ። "ስንጥቅ ነው።" ገለበጠው፣ አምባሰሉም ያው ነው። ሲያልቅ እንድሪስ "አብሽር" አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ የሚያጽናናበት ነገር እንደሌለው እያወቀ።

ናሆም ቆይቶ ስልኩን አወጣና አፌ አጠገብ አስጠጋው። "እርስዎ እንኳ ያስታውሱታል። ግጥሙን ይበሉልኝ፣ ዜማውን በእርስዎ ድምፅ ልቅዳው። ከሚጠፋ።" ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በዘይት ያበላሸኋቸውን የሌሎቹን ዘፈን አንድ ቃል ሳልስት እስከ ማታ ልዘፍንለት እችል ነበር፤ እስኪነጣ ድረስ ሰምቻቸዋለሁ። የእታፈራሁን ከነመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ነው የሰማሁት። እንዳያልቅ ብዬ። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው የአልቃሿ ግጥም ነው። ጋቢ አልፈተለች። አቋረጥኩት። እንድሪስን አየሁት። "አንተስ?" "እኔ የማስታውሰው ሳቋን ነው" አለ። "በነጠላዋ ውስጥ ስትስቅ።" ሳቅ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ናሆም ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

መሰነባበቻው ላይ አፍሮ አፍሮ ተናገረ። ሸክላው ምንም አያወጣም፤ ሽፋኑ ግን ፎቶዋ ያለበት ብቸኛው ነው፣ ብቻውን የሚፈልገው ሰብሳቢ አለ፣ ጥሩ ዋጋም ይሰጣል። ፎቶውን በስልክህ አንሣው፣ ሽፋኑ ግን እዚሁ ይቀራል አልኩት። አነሣው። ከዚያ ማጫወቻውን ሊያጥፍ ሲል እጁን ያዝኩት።

"አንዴ ድገመው።"

"ጋሼ፣ ድምፅ የለበትም እኮ" አለኝ እንደ መለመን ብሎ። "የሚሰማው ጨርቁ ነው።"

"አውቃለሁ" አልኩት። "ጨርቁን አውቀዋለሁ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

እንድሪስ ቀና ብሎ አየኝ፣ ገባውና ኮፍያውን አወለቀ። ናሆም መርፌውን ዳር ላይ አስቀመጠ። በመርሳ በረንዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስት ሆነን የእህቴን መገነዣ እስከ መጨረሻው ሰማነው።